በበሩ ሆድ ውስጥ ያለ ውሃ

ሰኔ 3

ዛሬ ጠዋት በጋራዡ ግቢ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ሳልፍ የራሴን እጅ ሥራ አየሁ። ላስቲክ ነው። የመኪና በር ቅርፅ ይዞ የተቆረጠ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ማስቲሽ የደረቀበት። ከዓመታት በፊት ለእማማ መኪና የቆረጥኩት ነው። የእጀታውን ቀዳዳ እንደ ሌላው ሰው ክብ አድርጌ አልበሳውም፤ በመስቀል እሰነጥቀዋለሁ። በዚያ ለየሁት። የአራቱም በሮች ላስቲክ ተጨማዶ ተጥሏል።

ዞር ብዬ ወደ ሰውዬው ሱቅ አየሁ። (ባሌ የነበረውን ነው ሰውዬው የምለው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሬን አላቆሽሽም።) ለእናቱ ለእማማ መኪና አዲስ የበር ልባስ እየገጠመ ነው። ክሬም ቆዳ፣ ቡናማ ክር። ልመስክር፣ ያምራል። ከጀርባው ግን ባዶ ብረት ነው። አዲስ ላስቲክ አልለጠፈም።

የመኪና በር ሆዱ ክፍት ነው። መስታወቱ ወደ ታች ሲወርድ በጎማው በኩል የዝናብ ውሃ ይዞ ይገባል፤ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። ውሃው በውስጥ ወርዶ ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ልባሱን ከዚያ ውሃ የሚጠብቀው ያ የማይታይ ላስቲክ ነው። እሱ ከሌለ ቆዳው የተወጠረበት ካርቶን ውሃውን እንደ ዳቦ ይመጠዋል። ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ይፈርሳል።

ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ግን የሚታየው የእሱ፣ የማይታየው የእኔ ነበር። እሱ ይሰፋል፣ እኔ ከጀርባ እለጥፋለሁ። የሚመሰገነው ማን እንደነበር መጻፍ አያስፈልግም።

ሄጄ «ላስቲኩስ?» ልለው እግሬን አነሳሁ። መለስኩት። ሆድ ይፍጀው።

ሰኔ 5

እማማ መኪናቸውን ሊወስዱ መጡ። የሰውዬው እናት ናቸው። እኔና እሱ ከተለያየን ወዲህ «አማቴ» ልበል ወይስ «የቀድሞ አማቴ» አላውቅም፤ አፌ ግን «እማማ» ማለቱን አልተወም። ዓይናቸው ስለደከመ የምታሽከረክርላቸው ልጄ ናት። ከእሱ የወለድኳት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ አያቷን ከእኔ አብልጣ የምትወድ።

ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየ። ቀለም ቀቢው አፏጨ። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ባትላሜራ፣ ወሬ ሳያድር ስለሚያደርስ «ጋዜጣው» የምንለው፣ «ሙሽራ ናት እኮ! በእኔ ሞት ሙሽራ ናት!» አለ።

እማማ ግን አልገቡም። በሩን በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ሱቅ ጮኹ።

«አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ እይልኝ። ያንቺ ዓይን ካላየው አልረጋም።»

ሄድኩ። ሰውዬው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ልባሱን በመዳፌ ዳበስኩት። የስፌቱ መስመር እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው።

«ያምራል፣ እማማ» አልኩ።

«ውስጡስ?»

«ያምራል አልኩዎት እኮ።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ የክንድ ማረፊያውን ተደግፈው ቀስ ብለው ገቡ። ሰውዬው ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ «እጅ ማለት ይሄ ነው» አለ።

እጅ ማለት።

ሰኔ 6፣ ማታ

ስለ እጅ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ። ከቤት ከወጣ ወዲህ ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ እየጠራ «የእሷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ስፌቷ እየሄደባት ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ስሸፍንላት ነው የኖርኩት» ብሏል። በጆሮዬ የሰማሁት ባለፈው ወር ነው። ታክሲዋን ልታሠራ የመጣች ሴት ከበሬ ላይ ቆማ ለባሏ በስልክ «ይቺኛዋ ናት እንዴ እጇ የሚንቀጠቀጠው?» ስትል። ከዚያ ወደ እሱ ተሻገረች። ትልቁንም የስፌት መኪና ይዞ ሄዷል፤ ለእኔ የቀረልኝ ሲሰፋ እንደ ፍየል የሚያስለው ነው።

እጄ ይኸው። ይህን ጽሑፍ ያየ ይፍረድ። የቱ ፊደል ነው የተንቀጠቀጠው?

ለሌላ ሴት ብሎ ሄደ፤ ይሁን፤ ሄዷል። ፀጉር ሠሪዋን ወደደ፤ ይሁን። የማልምረው የእጄን ነው።

የእማማ ደግሞ ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ ፀጉራቸውን የሚሠሩት እሷ ዘንድ እንደነበር የነገረኝ ጋዜጣው ነው። የሚያደርሳቸውም ሰውዬው። እኔ ቤት ምሳ እየበሉ፣ እኔ ጀርባቸውን እያሸሁ፣ ያውቁ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የከተማው ምስጢር ሁሉ በጆሯቸው አልፎ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣም ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» የምትለው ተረት የእሳቸው ጸሎት ናት።

እንግዲህ እኔም ዝም ብያለሁ። ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ሰኔ 14

ዘነበ።

ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መርፌውን ሰክቼ አዳመጥኩ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጭብጨባ ነው የወረደው።

ሰኔ 21

ጋዜጣው ሊጠይቀኝ ብሎ ገብቶ ወሬውን ዘረገፈ። የእማማን መኪና ሥሯን ዝገት እንዳይበላት ጥቁር ካትራሜ እንደቀባት በኩራት ነገረኝ።

«የበሮቹንም ሥር?»

«ምን የቀረ አለ! በብሩሽ አጥግቤ ነው የለቀለቅኳት። ጠብታ አታልፍም።»

ጠብታ አታልፍም። አትገባምም፣ አትወጣምም። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል ማለት ነው። ላስቲክ የለም፤ ከሥር መውጫ የለም። እንኳን እኔ፣ ጠላቱ የሆነ መሐንዲስ ቢቀጠር እንዲህ አያደርግለትም።

«ጥሩ ሠርተሃል» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ሰማይም ጋዜጣውም ከእኔ ጋር ናቸው። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። እጄን አላነሳሁም።

ሐምሌ 2

ልጄ እራት ላይ፦

«እማ፣ የእማማ መኪና ሽታ አመጣች። እርጥብ ካልሲ ካልሲ ትላለች።»

«ክረምት ነው። ምን የማይሸት አለ?»

«እማማ መስኮቱን ከፍተው ነው የሚሄዱት። ብርድ መታቸው፤ ሲያስላቸው ሰነበተ። ብታይላቸውስ?»

«አባትሽ የሠራውን አባትሽ ይየው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለምን ሁሉን ነገር ወደ አባዬ ትወስጂዋለሽ?» ብላ ተነሳች።

ሳል ያለ ነው። በዚህ ወር የማያስለው ማን አለ?

ሐምሌ 9

የትምህርት ቤቱ አውቶቡሶች ሥራ ወደ እሱ ሄደ። የወንበሮቹን ልባስ በየዓመቱ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ኃላፊው በበሬ ሲያልፍ ሰላም እንኳ አላለኝም፤ እጄን ግን አየ። አየሁት ሲያይ።

ይዝነብ።

ሐምሌ 15

እማማ ገበያ ልንሄድ ነው ብለው ከልጄ ጋር መጥተው ወሰዱኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴን ሲያመኝ ነበር፤ እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ማየት ፈለግሁ።

መታጠፊያው ላይ ሰማሁት። ልጄ መሪውን ስትጠመዝዝ በእማማ በር ውስጥ ውሃው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ፦ ዋልል… ዋልል…

«ይሄ ምንድነው?» አሉ እማማ። «ምሳ ያልበላ ሰው ሆድ ይመስላል።»

ልጄ ሳቀች። በመስታወቱ በኩል እኔን አየችኝ።

«የመስኮቱ ማንሻ ነው» አልኩ። «አርጅቷል።»

ልጄ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወርድ በወንበሩና በበሩ መሀል እጄን አሳልፌ የእማማን በር የልባስ ጠርዝ ከታች ነካሁት። በጣት ሲጫኑት እንደ ረጠበ ብስኩት ይገባል። የክንድ ማረፊያውን ብሎኖች የያዘው ያው ካርቶን ነው፤ ሲነካ ይነቃነቃል።

እማማ ፊታቸውን ሳያዞሩ «አንድ ነገር ልልሽ እፈልግ ነበር» አሉ። «ከረመብኝ። ስለዚያች ስለ ልጅቱ… ፀጉሬን ስትሠራኝ…»

«እማማ፣ ይተዉት።»

«አይ፣ ስሚኝ…»

«ይተዉት አልኩ። ያለፈ ነገር ነው።»

 ዝናቡ ጀመረ። ልጄ ሽንኩርቱን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

ለምን እንዳላስጨረስኳቸው አውቃለሁ። «ይቅር በይኝ» ሊሉ ነበር። ይቅርታ ከጠየቁኝ ስለ በሩ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ሐምሌ 22

አሁን ለሁሉም ነገር ቀን ተቆረጠለት። ክረምቱ ሲወጣ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት አለ፤ ሰውዬው የእናቱን መኪና ሊያቀርብ ነው። የትልቁ ሆቴል ሰዎች የእንግዳ መኪኖቻቸውን ውስጥ በማን እንደሚያሠሩ የሚመርጡት እዚያ ነው አሉ። ፀጉር ሠሪዋ ለግቢው ሁሉ ነግራለች፤ ለእኔም ጭምር፣ ሰላምታ አስመስላ።

አየሁት እኮ፣ ከአሁኑ በዓይኔ አየሁት። ሰውዬው ሸሚዙን ተኩሶ፣ በሩን በሁለት ጣቱ ከፍቶ «ይመልከቱ» ሲል፣ ልባሱ ከነሻጋታው እግሩ ሥር ዘጭ። የሆቴሉ ሰዎች አፍንጫቸውን ሲይዙ። እኔም ከሰው መሀል ብቅ ብዬ «እጅ ማለት ይሄ ነው» ስል።

አንጀቴ እንዲርስ የቀረው ትንሽ ነው። እስከዚያ ካርቶኑ መያዝ አለበት። ይይዛል። እስከዚያ መያዝ የማይችል አይመስለኝም።

ሐምሌ 29

ልጄ፦ «እማ፣ የምታውቂው ነገር አለ?»

«ስለ ምን?»

«ስለ መኪናዋ። ገበያ የሄድን ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ጮህኩባት። የአባቷ ጠበቃ ናት አልኳት፣ የሚያበላት ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። እንዲህ ብዬ ተናግሬያት አላውቅም። ተኝታለች አሁን። ደክሞኝ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራ እንኳ የለኝም።

ነሐሴ 4

እማማ ቤት ሄጄ ነበር። ልጄ መጽሐፍ ረስታ እሱን ላመጣ። መጽሐፉን መንገድ ላይ ብታነሳውም ይቻላት ነበር፤ እኔ ግን ሄድኩ፣ በቦርሳዬ ጠንካራ ሽቦና ካቻቢቴ ይዤ። ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፉም።

መኪናዋ ከበሩ ውጪ ቆማለች። እማማ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ዝናቡ ቀለል ብሏል። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በሹፌሩ በር ሥር ካትራሜውን በሽቦ ፈተግኩት። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ውሃው በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ደረሰ። ጥቁር፣ የሚገማ። ሁለተኛውንም ከፈትኩ። ሦስተኛውንም። ጠብ ጠብ እስኪል ጠበቅኩ።

ወደ እማማ በር ልዞር ስል ሰው የመጣ መሰለኝ። ድንገት ሰውዬው ቢሆንስ? እዚያ ተንበርክኬ ቢያየኝስ? ተነሳሁ። ማንም አልነበረም። ዝናቡም መልሶ ጠነከረ። ሽቦውም ታጥፎ ነበር።

በሌላ ቀን እመለሳለሁ።

ሁሉም በር ደረቅ ቢሆን ትርኢቱ ላይ ምን ይወድቃል? ይህንንም አስቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ነሐሴ 11

እማማ ወደቁ።

ልጄ ናት የደወለችው። ከመኪናዋ ሲወርዱ። የክንድ ማረፊያውን ተደግፈው። ተነቅሎ። ከነልባሱ። ሐኪም ቤት ነን ብላለች። መሄድ አለብኝ። ጫማዬ የታለ

ነሐሴ 12

የዳሌ አጥንት ነው የተሰበረው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብረት ገብቷል።

ልጄ የነገረችኝ እንዲህ ነው። እሷ ጃንጥላ ይዛ ልትዞርላቸው ስትል «እኔ ምን ሆኛለሁ» ብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አንድ እግራቸውን አውርደው ክብደታቸውን በሙሉ ማረፊያው ላይ ሲጥሉ ካርቶኑ እንደ እርጥብ ጋዜጣ ተቀደደ። ማረፊያውን ጨብጠው፣ ከእጃቸው ሳይለቁት፣ በጎናቸው አስፋልቱ ላይ።

ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክንድ ማረፊያውን ታቅፎ። ማን እንደሰጠው አላውቅም። ክሬሙ ቆዳ ንጹሕ ነው፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከጀርባው ጥቁር ሻጋታ እንደ ሱፍ በቅሏል። ፀጉር ሠሪዋ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች። ልጄ ወደ እሱ ሄዳ በሰው ፊት «አንተ ነህ፤ እናትህን የጣልካት አንተ ነህ» አለችው። አንገቱን ደፋ። 

እንግዲህ ያሰብኩት ሆነ። እንዲያውም ከትርኢቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል፤ እዚያ የሚያየው ባዕድ ነበር።

ምሳ አልበላሁም። የኮሪደሩ ሽታ ምግብ ያስጠላል።

ነሐሴ 15

ጋዜጣው ሥራውን ሠርቷል። ግቢው፣ ሰፈሩ፣ መለዋወጫ ሻጮቹ ሁሉ አወሩት። «እናቱን የጣለ» ነው ስሙ አሁን። የአውቶቡሶቹ ኃላፊ ዛሬ ራሱ መጣ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እጄን ሳያይ፣ «እኛስ ድሮም ያንቺን ሥራ ነው የምናውቀው» አለኝ። ሰውዬው ሱቁን አልከፈተም። ትርኢቱም ቀርቷል።

ደስ ብሎኛል። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል።

ደስ ብሎኛል።

ነሐሴ 20

ልጄ መኪናዋን ወደ እኔ ሱቅ አመጣቻት። «ፍቺውና ምን እንደሆነ አሳዪኝ። ለአባዬ ማስረጃ ይዤ ነው የምሄደው» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

በእማማ በር ጀመርኩ። የቀረው ካርቶን በእፍኝ በእፍኝ እየተዘገነ ወጣ። ከሥር ውሃው እንዳለ ቆሟል። ላስቲክ እንደሌለ፣ ቀዳዳዎቹ በካትራሜ እንደተደፈኑ አሳየኋት። በስልኳ ፎቶ አነሳች። የሚገርመው፣ ድምፄ አልተለወጠም፤ እንደ አስተማሪ ነበር የምናገረው።

«የኔንስ?» አለች።

«ያው ነው።»

«እስቲ እንየው።» ካቻቢቴውን ወስዳ ራሷ ፈታችው። ሕፃን ሆና ሱቃችን ውስጥ ነው ያደገችው፤ ታውቃለች።

የታችኛው ጠርዝ አብጦ ተመልሶ ደርቋል። ውስጡ ውሃ የለም። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አዞረች። ካትራሜው በተፋቀበት ብረቱ ያበራል።

«ይሄ ተከፍቷል» አለች። «በሽቦ። በቅርቡ ነው፤ ገና ዝገት አልያዘውም።»

የወደቀውን ብሎን ማንሳት ጀመርኩ።

«አባዬ ነው? አባዬ ቢሆን ሁሉንም ይከፍት ነበር። ጋዜጣውም አይደለም።» እያሰበች ነበር የምትናገረው፣ ለራሷ። ከዚያ ቆመች። «እኔ የምቀመጥበት በር ነው።»

«ስሚኝ…»

«መጽሐፍ ልታመጪልኝ የሄድሽ ቀን። እጅጌሽ እስከ ብብት ጥቁር ሆኖ መጣሽ። ወደቅሁ አልሽኝ።»

«ልመለስ ነበር። የእሳቸውንም ልከፍት…»

«ታውቂ ነበር፤ እኔን አድነሽ እማማን ተውሻቸው።»

አላለቀሰችም። ቢያንስ ብታለቅስ። ካቻቢቴውን እንደ ነበረ በቦታው መልሳ ሰቀለችና ወጣች። ማታ ቤት ስደርስ ልብሶቿን ይዛ አያቷ ቤት ገብታለች።

ነሐሴ 21

ዝናብ። ቤቱ ባዶ ነው። ሰውዬው ላስቲኩን ባይጥል ኖሮ። ጋዜጣው ባይቀባው ኖሮ። እማማ በጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የማገኘው ያችኑ ጭቃ ላይ የተንበረከከች ሴት ነው። ሽቦው አልታጠፈም ነበር።

ነሐሴ 26

እማማ ቤታቸው ገብተዋል። ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት፤ አሳልፋኝ ወደ ጓዳ ገባች።

አልጋው ላይ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ወንበር በዓይናቸው አሳዩኝ። የምለውን መንገዱን ሁሉ ሳጠና ነበር የመጣሁት።

«ነግራኛለች» አሉ።

«እማማ…»

«እኔ ልናገር። ያኔ ገበያ የሄድን ቀን አላስጨረስሽኝም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ ሲባልግ አውቅ ነበር። ለልጄ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ከነገርኩሽ ትሄጂያለሽ ብዬ ነው። ጀርባዬን የሚያሽልኝ ሰው እንዳላጣ። ‘ዝም አይነቅዝም’ ስል ኖርኩ። ነቀዘ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እጄን ያዙኝ መሰለኝ፤ የያዙት አንጓዬን ነው፣ አጥብቀው።

«ቆይ። አታልቅሺ፤ ገና አልጨረስኩም። ‘እሳቸውም ዝም ብለዋል፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ተካካስን’ እንዳትዪ። እኔ ዛሬም ሽንት ቤት በሰው ትከሻ ነው የምሄደው። ይሄ በምንም አይካካስም።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሻል። በሆድሽ ብለሻል። ሰላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እኔን ማታለል አይቻልም።» ለቀቁኝ። «ልጄ በከተማው ‘እናቱን የጣለ’ ሆኖ መውጣት አቅቶታል። ግማሹ የእሱ ነው። ግማሹን ሄደሽ ውሰጂ። እኔ አልነግርልሽም፤ የልጅ ልጄም አትነግርልሽም። በአፍሽ።»

«ይሄን ከምናገር ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል።»

«ዝጊያ። ከተናገርሽ በኋላ።»

ጳጉሜ 2

ዛሬ ሰውዬው ሱቁን ከፍቶ ዕቃ ይሰበስብ ነበር። ሊለቅ ነው ይባላል። ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ጋዜጣው መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ አየኝ፤ ጥሩ ነው አልኩ፤ ይስማ፤ ይጻፈው።

«ላስቲኩን መጣልህን አይቻለሁ» አልኩት። «ቀዳዳዎቹ እንደተደፈኑም አውቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አውቅ ነበር። የልጄን በር ከፍቼ የእናትህን ተውኩት። እንድትዋረድ ፈልጌ ነው።»

 ጋዜጣው መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

ይጮሃል ብዬ ነበር። ቢመታኝም ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«አንቺን አይቼሻለሁ» አለ። «ያን ጠዋት። ቆሻሻው ጋ ቆመሽ ወደ እኔ ስታዪ። አሁን መጥታ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ላስቲክ ለመቁረጥ ሰነፍኩ እንጂ ረስቼው አይደለም። ሳትመጪ ስትቀሪ… ግድ የለውም ማለት ነው አልኩና ገጠምኩት።»

ምን ልበል? ጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱን የማረሙንም ሥራ ለእኔ ትቶ ነው የኖረው! ከቤት ወጥቶም፣ ስሜን አጥፍቶም፣ ከጀርባው እንድለጥፍለት ይጠብቅ ነበር።  ያን ሰዓት ብረት በእጄ ቢኖር አላውቅም።

«ስለ እጅሽ ያልኩትን…» አለ። «ውሸት እንደሆነ ለሰው እናገራለሁ።»

«አንተ ምንም አትናገርልኝ» ብዬው ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ የአውቶቡሶቹ ኃላፊ ደወለ። እውነት ነው ወይ አለ። እውነት ነው አልኩት። አሰበበትና ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። አልፈረድኩበትም። ግን እዚህ ልጻፈው፦ ሰውዬውን አሁንም እጠላዋለሁ። ይቅር ያልኩ መስሎኝ እንዳልታለል።

መስከረም 3

ልጄ ደወለች። ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰላምታ የለም።

«እማማ መታጠብ አለባቸው። እኔ ፈተና አለብኝ። ትመጫለሽ?»

«አሁን እመጣለሁ።»

«ብቻሽን አትችያቸውም። ሌላ ሰው ይኖራል።» ዘጋችው።

ሌላው ሰው ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ባልዲውን ሞልታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ቆማለች። ያለ ጌጡ ፊቷ የደከመ ነው። ተመልሼ ልወጣ ነበር። እማማ ከአልጋው ላይ ሁለታችንንም አዩን፤ ተራ በተራ። 

«በግራ በኩል እኔ እይዛለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ እኔን ሳታይ። «ቀኙ ነው የተሰበረው። እሱን አንቺ ያዢ፤ እኔ አቅሙ የለኝም።»

በቀኝ በኩል ገባሁ። ክንዴን በብብታቸው አሳለፍኩ፤ ሌላው እጄን ወገባቸው ላይ አደረግኩ። የእሷ እጅ እዚያው ነበር፤ ተነካካን፤ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

«ዝግጁ ነሽ?» አሉኝ እማማ።

«ዝግጁ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እግሬን አስተካክዬ ቆምኩ። «ይደገፉኝ፣ እማማ» አልኩ።

 ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ክብደታቸውን በሙሉ ጣሉብኝ።